ባዶ ቦታ የሌለበት ቅጽ

ሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠራት ሚጡ እያለ ነበር። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት፣ ገና በአራስነቷ። እናታቸው ሚጡ ሕፃን ሳለች ስላረፈች አዝላ ያሳደገቻት፣ ፊደል ያስቆጠረቻት፣ ኋላም ፋርማሲ ተምራ እስክትመረቅ ያልተለየቻት እሷው ነበረች። ሚጡ እህቷ አዋላጅ ነርስ ሆና ወደምትሠራበት ሆስፒታል ስትመደብ፣ እህትየዋ በየክፍሉ ይዛት እየዞረች «ሚጡዬ መጣችልኝ» ብላ አስተዋወቀቻት። ስሙ በዚያው ቀረ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷት፣ የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ሆና ስታልፍ እንኳ ዘበኛው «እንደምን አደርሽ ሚጡ» ነው የሚላት። እሷ ደግሞ እህቷን «እትዬ» ትላታለች።

ሁለቱ በጠባይ ለየቅል ናቸው። እትዬ የምታስበው በእጇ ነው። ሆድ ዳበስ አድርጋ «ይቺ ከምሳ በፊት ትገላገላለች» ካለች ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ምሳቸውን አዘግይተው ይጠብቃሉ። ሚጡ ግን ተጽፎ ያላየችውን አታምንም። ምግብ ስትሠራ ጨው በማንኪያ ለክታ ነው የምትጨምረው፤ እትዬ በዚህ ትስቅባታለች።

ሆስፒታሉ የጥራት ማሻሻያ ቡድን ሲያቋቁም ሰብሳቢነቱ ለሚጡ ተሰጠ። መጀመሪያ የያዘችው ሥራ የመድኃኒት መጋዘኑ ፍሪጅ ነበር። እዚያ ከሚቀመጡት አንዱ ኦክሲቶሲን ነው፤ እናት እንደተገላገለች ማህፀኗ ተኮማትሮ ደሟ እንዲቆም የምትወጋው መርፌ። ይህ መድኃኒት ሙቀት አይወድም። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ካልተቀመጠ ቀስ በቀስ አቅሙን ያጣል። መልኩ አይለወጥም፣ ሽታ አያመጣም፤ ውሃ መስሎ እንደተቀመጠ ውስጥ ውስጡን ይሞታል። ስለዚህ ሚጡ አንድ ቅጽ አዘጋጀች። የፍሪጁ ሙቀት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እየተነበበ ይሞላል። ባዶ የተተወ ቦታ በወሩ ሪፖርት ላይ በቀይ ይቀለማል፤ ቀይ ያለበት ክፍል ስሙ በስብሰባ ይነበባል።

ቅጹን የሚሞሉት አባ ቁልፍ ነበሩ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ናቸው፤ ስማቸውን ያሰጣቸው ከወገባቸው የማይለየው የቁልፍ ዘለላ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በዚያው መጋዘን ሠርተዋል፣ ጡረታ ለመውጣትም ተቃርበው ነበር። በስድስት ወር ውስጥ አንድም ቦታ ባዶ አልተዉም። አብዛኛው አራት ነው፣ አልፎ አልፎ አምስት። ሚጡ ያንን በሥዕላዊ መግለጫ አውጥታ ለአስተዳደሩ ስታቀርብ ተጨበጨበላት። የመጨረሻው ወር ቅጽ በመስታወት ተደርጎ መግቢያው ኮሪደር ላይ ተሰቀለ።

ችግሩን ቀድማ የተናገረችው እትዬ ነች። አንድ እሑድ ሚጡ እሷ ቤት ሄዳ ልብስ ሲያጥቡ ነበር።

«ሚጡዬ፣ ያ መርፌ ልክ አይደለም» አለች እትዬ አንሶላ እየጠመዘዘች።

«የቱ መርፌ?»

«የደሙ ነዋ። ድሮ አንዱን ስወጋ ማህፀኑ እጄ ሥር ጥጥር ይል ነበር። አሁን ሁለት ወግቼ፣ ሦስት ወግቼ፣ ያው ሊጥ ነው። ሌሎቹ አዋላጅ ልጆችም ያጉረመርማሉ።»

«ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ምኑን ቆጠርኩት? ብዙ ጊዜ።»

«እትዬ፣ ብዙ ጊዜ ቁጥር አይደለም» አለች ሚጡ፣ እየሳቀች። «ፍሪጁ በስድስት ወር አንድ ቀን እንኳ ከስምንት አልፎ አያውቅም። በወረቀት አለኝ። ስሜት ማስረጃ አይሆንም።»

እትዬ አንሶላውን አራግፋ ገመዱ ላይ ዘረጋችው። «እሺ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለች። ቅር ብሏት አልነበረም። ከልቧ ነበር የተናገረችው።

ከዚያ እሑድ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን አንዲት ልብስ ሰፊ ልትወልድ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ያለምንም ችግር ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ያዋለደቻት እትዬ ነበረች። መርፌውን ወዲያው ወጋቻት። ማህፀኑ አልኮማተር አለ። ደገመቻት፣ በእጇ አሸችው፣ በግሉኮስ ጨምራ ሰጠቻት። ደሙ ፍራሹን አልፎ ወለሉ ላይ ወረደ። ሐኪም ተጠራ፣ ደም ተፈልጎ ሁለት ከረጢት ተገኘ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧት። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች።

በአራተኛው ቀን የእናቶች ሞት መርማሪ ኮሚቴ ተሰበሰበ። የሟች ባል አዋላጇን ከስሶ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። እትዬ ከጠረጴዛው ጫፍ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የሆነውን አንድ በአንድ ተናገረች። ከዚያ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሜዲካል ዳይሬክተሩ፣ ወደ ሚጡ ዞረው «የመድኃኒቱ ጥራትስ?» አሉ።

ሚጡ ቅጾቹን ይዛ ቆመች። እህቴ ስለሆነች ሌላ ሰው ይመስክር ማለት ትችል ነበር፤ ግን እንዲያ ማለት ራሱ ማዳላት መሰላት። የስድስት ወሩን ንባብ ዘርዝራ፣ መድኃኒቱ በተገቢው ሙቀት መቀመጡን አስረዳች። ስትቀመጥ ቀና ብላ እህቷን አላየችም።

«እንግዲህ መድኃኒቱ ደህና ከሆነ ጉድለቱ የሰው ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። መርፌው ዘግይቶ ወይም አንሶ ተሰጥቷል ተባለ። እትዬ ከሥራ ታገደች፤ የሙያ ፈቃዷም እንዲመረመር ተጻፈ። ሰው ሁሉ ሚጡን አደነቃት። «ለእህቷ እንኳ አታዳላም» እያለ።

እትዬ ከዚያ ቀን በኋላ ስልክ አላነሳችላትም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሚጡ ራሷ ኢንሱሊን ልታወጣ ወደ መጋዘኑ ወረደች። አባ ቁልፍ ምሳ ላይ ነበሩ። መብራት ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደጠፋ ነው፣ ጄኔሬተሩ ግን ይጮኻል፣ ኮሪደሩ በርቷል። የፍሪጁን በር ስትከፍተው ውስጡ ጨለማ ነው። እጇን ሰደደች። የኢንሱሊኑ ካርቶን ለብ ብሏል። ቴርሞሜትሩን አውጥታ አየችው። ሃያ ሦስት ይላል።

በሩ ላይ የተለጠፈውን ቅጽ ተመለከተች። የረቡዕ ከሰዓት ቦታ ተሞልቷል፤ አራት። የሐሙስም ተሞልቷል። የዓርብም አራት ነው፣ ገና ያልመጣው ዓርብ።

የፍሪጁን በር ዘጋች። ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለላትና ደረጃውን በሩጫ ወጣች፤ ማዋለጃ ክፍል በዚያች ሰዓት ሦስት ሴቶች ምጥ ላይ ነበሩ።

«ከመጋዘን የወጣውን ኦክሲቶሲን እንዳትወጉ» አለች በሩ ላይ ሆና።

«ታዲያ ምን እንውጋ?» አለች ተረኛዋ አዋላጅ።

ሚጡ ተመልሳ መደርደሪያዎቹን ፈተሸች። ሙቀት ብዙ የማይጎዳው ደም የሚያቆም ኪኒን ስልሳ ያህል መደርደሪያ ላይ ስለነበር እሱን አምጥታ ሰጠቻቸው። አምቡላንስ ለምና ከአቅራቢያው ጤና ጣቢያ በበረዶ ሳጥን ሃያ አምፑል ኦክሲቶሲን አመጣች። ሦስቱም ሴቶች በሰላም ተገላገሉ። የሦስተኛዋ ልጅ ሲያለቅስ ሚጡ ግድግዳ ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የመጋዘኑ መርፌ ለስንት ሴት ተሰጥቶ እንደነበረ ለማስላት ሞከረች፤ አልቻለችም።

ወደ መጋዘኑ ስትመለስ አባ ቁልፍ ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

«አባባ፣ ይሄ የዛሬ ከሰዓት ነው። የነገም ተሞልቷል።»

ቁልፋቸውን ነካኩ፣ ተዉት። «ቁጥሩ አይታየኝም ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቅጹ ሲመጣ የደከመው የግራው ዓይኔ ነበር። ኋላ የቀኙም ተከተለው። መደርደሪያውንማ በዳበሳ አውቀዋለሁ፣ ካርቶኑን በመጠኑ አውቀዋለሁ። ያቺ የቴርሞሜትር ቁጥር ግን ጉም ሆነችብኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ዓይን የሌለው የመጋዘን ሠራተኛ ምን ይደረጋል? የቀረኝ ስምንት ወር ነው።» ቀጥለውም፣ «ባዶ የተተወ ቀይ ነው፣ በስብሰባ ይነበባል አልሽን። በደህናው ጊዜ የማየው አራት ነበር። በአራት ቀጠልኩ፤ እንዳይመሳሰል አንዳንዴ አምስት እያልኩ» አሉ።

ሚጡ ኤሌክትሪሻኑን ጠራችው። ስልኩ ላይ ያለውን የሥራ ማዘዣ ፈልጎ አሳያት። ከሰባት ወር በፊት ለላቦራቶሪው አዲስ ማሽን ሲገባ የመጋዘኑ መስመር ከጄኔሬተሩ ተነቅሏል። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮሪደሩ ይበራል፣ ፍሪጁ ይሞታል። ማንም ለመድኃኒት ክፍል አልነገረም።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ የእህቷን በር አንኳኳች። እትዬ ከፈተችላት፣ ግን ግቢ አላለቻትም። ሚጡ እዚያው ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ያቺ ልጅ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ «ሁለተኛውን ስወጋት እጄን ያዘችኝና ‹ይቆማል?› አለችኝ። ይቆማል አልኳት። ቶሎ ሐኪም መጥራት ነበረብኝ፤ ግን እስኪሠራ ብዬ ጠበቅኩ። መድኃኒቱ ደህና ነው ብለሽኛላ። ከእጄ ይልቅ አንቺን አመንኩ።»

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ጠንቃቃ ናቸው። ቅጹን አገላብጠው አዩት፣ አዲስ ፍሪጅና የጄኔሬተር መስመር እንዲገባ እዚያው ፈረሙ። የእህቷ ጉዳይ እንዲታይ ስትጠይቃቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ትናንት ሃያ ሦስት አነበብሽ። ያቺ ልጅ በሞተችበት ቀን ስንት እንደነበረ በምን ታውቂያለሽ?»

«አባ ቁልፍ ነግረውኛል።»

አባ ቁልፍ ተጠሩ። መሬት መሬት እያዩ «በየቀኑ አንብቤ ነው የሞላሁት፤ በዚህ ሳምንት ብቻ አሞኝ አስቀደምኩ» አሉ። ሚጡ መድኃኒቱን ለምርመራ መላክ አሰበች፤ ለካ አባ ቁልፍ የተበላሸ ይቃጠላል በሚለው መመሪያ መሠረት በዚያው ጠዋት አንድ ሳይቀር ማቃጠያ ውስጥ ከተውታል። ፈርተው ይሁን ደንብ አክብረው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«እዪ» አሏት ዳይሬክተሩ፣ አባ ቁልፍ ከወጡ በኋላ። «ያኔ በእህትሽ ላይ ስትመሰክሪ አመንንሽ፣ እህትሽ ስለሆነች። አሁን ለእህትሽ ስትመሰክሪ ማን ያምንሻል? እህትሽ ስለሆነች።»

በሚቀጥለው ወር አዲሱ ፍሪጅ ገባ፤ እስከዚያ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው በበረዶ ሳጥን ይመጣ ነበር። በወሩ መጨረሻ ከወሊድ በኋላ ከመጠን ያለፈ ደም የፈሰሳቸው እናቶች ቁጥር ከመቶ ዘጠኝ ወደ ሦስት ወረደ። ሚጡ በደስታ ሪፖርቱን ይዛ ሮጠች። ዳይሬክተሩ አዩትና «አዎ፣ እህትሽ ከወጣች ወዲህ ቀንሷል» አሏት። ፌዝ አልነበረም። ሁለት ነገር በአንድ ላይ ሲለወጥ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም፤ ይህን ለሠራተኛው ያስተማረችው ራሷ ነች።

ያኔ ነው የወሊድ መዝገቡን ያወጣችው። ከዓመት በላይ የሚሆን፣ ጠርዙ የተበላ ሦስት ትልልቅ መዝገብ። ማስመሪያ እያስቀመጠች መስመር በመስመር አነበበች፤ እናትየዋን ማን አዋለዳት፣ ስንት መርፌ ወሰደች፣ ስንት ደም ፈሰሳት። ምሳዋን ትታ፣ የዕረፍት ቀኗን ትታ፣ አሥራ ስድስት ቀን ፈጀባት። አንዳንዱ መስመር ላይ የእትዬ ጽሕፈት ነበር፣ ተለቅ ተለቅ ያለ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። «ሦስት መርፌ ተሰጥቷል፣ ማህፀን ለስላሳ» ይላል። ከገጽ ገጽ ይደጋገማል። ሚጡ ቁጥር የለሽም ብላት የነበረው ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል፤ የጠየቀው ሰው ግን የለም።

ሲደመር ነገሩ ግልጽ ሆነ። የፍሪጁ መስመር ከመነቀሉ በፊት ከመቶ እናቶች ሦስቱ ይደሙ ነበር። ከተነቀለ በኋላ ዘጠኝ ሆኑ፤ በእትዬ እጅ ስምንት፣ በሌሎቹ እጅ ዘጠኝ። እትዬ ከታገደች በኋላ መድኃኒቱ እስኪለወጥ ባሉት ሦስት ሳምንታትም ያው ዘጠኝ ነበር። መድኃኒቱ ሲለወጥ ብቻ ሦስት ሆነ።

ኮሚቴው ዳግመኛ ተሰበሰበ። ሚጡ ቁጥሩን አቀረበች፣ መጀመሪያ ስለመሰከረችውም ጥፋቷን ተናገረች። አንዱ አባል ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ይህ ግምት ነው። የተፈረመ የሙቀት ንባብ እያለ በግምት አንሽረውም። ያነበቡት ሰውዬ አንብቤያለሁ ብለዋል።»

አባ ቁልፍ እዚያው ተቀምጠው ነበር። ሚጡ አየቻቸው። ቤቱ ሁሉ ሊበተን ወንበሩን መግፋት ጀምሮ ነበር፤ እህቷም ቤቷ ተቀምጣለች። ከፋይሏ የአዲሱን ፍሪጅ ቅጽ መዝዛ ፊታቸው አስቀመጠች። በራሷ እጅ የሞላችው ነው።

«አባባ፣ የትናንቱን ያነቡልኛል?»

ወረቀቱን አነሱ። ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«አራት» አሉ። ቀጥለው በጣታቸው ወደ ታች ወረዱ። «አራት... አራት።»

ወረቀቱ ላይ ሰባት፣ አምስትና ስድስት ነበር የተጻፈው። ጎናቸው የተቀመጠችው የነርሶች ኃላፊ አየችው፣ ፊቷንም አዞረች። አባ ቁልፍ የቤቱን ዝምታ ሲሰሙ ገባቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሱት፤ ስፍራውን ግን ስተው ስላስቀመጡት መሬት ወደቀ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳበሱት። ማንም ተነስቶ አላነሳላቸውም።

ውሳኔው በሳምንቱ ወጣ። የልብስ ሰፊዋ ሞት ምክንያት አቅሙን ያጣ መድኃኒት ተብሎ ታረመ፣ የእትዬ እገዳ ተነሳ። አባ ቁልፍ ሐሰተኛ መዝገብ በመሙላት ከጡረታቸው በፊት ተሰናበቱ። ሚጡ ከጥራት ቡድኑ ሰብሳቢነት ተነሳች፤ የፋርማሲ ሥራዋ ላይ ግን ቆየች። ለሟቿ ባልም ደብዳቤ ተጻፈ፤ መልስ አልሰጠም።

የእትዬን ደብዳቤ ሚጡ ራሷ ይዛ ሄደች። ዓርብ ከሰዓት ነበር። በዚህ ጊዜ እትዬ አስገባቻት። ወንበር ሳበችላት፣ ውሃም ቀዳችላት። ብርጭቆው ሞልቶ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ። ደብዳቤውን አንብባ አጠፈችው።

«የማዋለጃ ልጆቹ ነግረውኛል» አለች። «ሰውዬውን በሰው መሃል ወረቀት አስያዝሽው አሉ።»

«ሌላ መንገድ አልነበረኝም፣ እትዬ። ካዱ።»

«ዓይኑ እንደደከመ እኮ አውቅ ነበር። ልጁ ስትጽፍለት ደብዳቤውን የማነብለት እኔ ነኝ። ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ፍሪጁን እሱ ብቻ እንደሚያነበው ግን አላውቅም ነበር።» አንገቷን ደፋች። «አንቺ ቅጹን ታውቂያለሽ፣ እኔ ዓይኑን አውቃለሁ። ያን እሑድ ‹ማን ነው የሚያነበው?› ብዬ ብጠይቅሽ፣ ወይ አንቺ ‹ነይ እንየው› ብትይኝ፣ ያቺ ልጅ ዛሬ ልጇን ታጠባ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን የእኔን እጅ ለማጠብ የሰውዬውን ዓይን አወጣሽ።»

ሚጡ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ አላባበለቻትም፣ አልተቆጣቻትም። ውሃውን በጨርቅ ጠረገች።

«ሰኞ ትመለሻለሽ?» አለች ሚጡ በመጨረሻ። «ሁሉም እየጠበቁሽ ነው። ፍሪጁ ደህና ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ እኔ ራሴ ነኝ የማየው። መድኃኒቱ አሁን...»

«አትንገሪኝ» አለች እትዬ። «መድኃኒቱ ደህና ነው እንዳትዪኝ። መርፌ ይዤ ሴት አጠገብ ስቆም የሚሰማኝ የአንቺ ድምፅ ነው። እጄ ደግሞ ዝም ብሏል። ድሮ ይናገር ነበር።» እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። «አልመለስም። ሂጂ አሁን፣ ልተኛ።»

ሚጡ ወጣች። ደረጃው ላይ ደርሳ ቁጭ አለች። ወደ ቤቷ መሄድ አልቻለችም፣ ተመልሳ ማንኳኳትም አልቻለችም። የጎረቤት ሴት ባልዲ ይዛ ከታች እየወጣች «አሳልፊኝ የኔ እህት» አለቻት። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ አሳለፈቻት፣ እዚያውም ተቀመጠች።